ተቆርጦ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ መጽሔት፦ የፖፕ ሙዚቃ መጽሔትን ለወጣቶች እንዴት እንነድፋለን?

አንድ የ14 ዓመት ልጅ ስለሚወደው ዘፋኝ አዲስ ወሬ ለመስማት መጽሔት አይጠብቅም። ወሬው ስልኩ ላይ ቀድሞ ደርሷል። አዲሱን ቪዲዮም ከናንተ በፊት አይቶታል። ታዲያ መጽሔት ለምን ያነሳል?

ስልክ የማይሰጠው ነገር ስላለ ነው። መጽሔት ይቆረጣል፣ ይለጠፋል፣ በስክሪብቶ ይሞላል፣ ከጓደኛ ጋር ይከራከሩበታል፣ አልጋ ሥር ይቀመጣል። በዚህ ዘርፍ የተሳካላቸው መጽሔቶች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የጀርመኑ ብራቮ እ.ኤ.አ. በ1956 ተጀመረ። በ1959 ደግሞ አንድ ሐሳብ አመጣ፦ የአንድ ዝነኛ ሰው ምስል በትክክለኛ ቁመቱ በየዕትሙ ቁርጥራጭ ሆኖ ይወጣል፤ አንባቢው ቁርጥራጮቹን እያጠራቀመ ግድግዳው ላይ ሙሉ ሰው ያቆማል። የመጀመሪያዋ የፈረንሳይ የፊልም ተዋናይዋ ብሪጂት ባርዶ ነበረች። የእንግሊዙ ስማሽ ሂትስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 ሲጀመር የዘፈን ግጥሞችን አትሞ አወጣ። ልጆች ግጥሙን ይዘው ይዘፍኑ ነበር። ሁለቱም ለአንባቢው ከወሬ ሌላ የሚሠራው ነገር ሰጡት።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ በአንድ ጥያቄ ላይ ይቆማሉ። እያንዳንዱን ገጽ ስትነድፉ ጠይቁት፦ አንባቢው በዚህ ገጽ ምን ያደርግበታል? መልስ ከሌለው ገጹ ገና አላለቀም።

1. መጀመሪያ ዕድሜውን ለዩ

«ለወጣቶች» ብሎ መነሳት አይበቃም። የ11 ዓመት ልጅና የ17 ዓመት ልጅ አንድ ዘፋኝ ሊወዱ ይችላሉ፤ የሚወዱበት መንገድ ግን ለየቅል ነው። ትንሹ ፖስተርና ጨዋታ ይፈልጋል፤ ዘፋኙ ምን እንደሚበላና ውሻው ማን እንደሚባል ማወቅ ያስደስተዋል። ትልቁ ደግሞ ዘፈኑን ማን እንደጻፈው፣ ስቱዲዮ ውስጥ እንዴት እንደተቀዳ፣ ዘፋኙ ስለምን እንደሚያዝን መጠየቅ ጀምሯል። ሁለቱን አንድ ላይ ለመያዝ የሚሞክር መጽሔት ሁለቱንም ያጣል። ከ11 እስከ 14፣ ወይም ከ15 እስከ 18 ብላችሁ ወስኑ። ስትወስኑ ልጆች ከዕድሜያቸው ከፍ ያለውን ማንበብ እንደሚወዱ አትርሱ። ለ15 ዓመት ልጅ የታሰበውን የ12 ዓመቷ ታነበዋለች። ለ12 ዓመት የታሰበውን ግን የ15 ዓመቱ እጁ ላይ እንዲታይበት አይፈልግም።

ከዚያ ከዚሁ ዕድሜ ልጆች ጋር ቁጭ በሉ። «ምን ዓይነት መጽሔት ትፈልጋላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ለዚህ ጥያቄ ልጆች የሚመልሱት እናንተን የሚያስደስተውን ነው። ይልቅ ያደረጉትን ጠይቁ። ግድግዳችሁ ላይ ምን ተለጥፏል? በቅርቡ ለጓደኛ የላካችሁት ዘፈን የቱ ነው? ስለየትኛው ዘፋኝ ተጣላችሁ? የሰማችሁትን በራሳቸው ቃል ጻፉት። በኋላ የሽፋን ርዕስ ስትጽፉ ከዚያ ማስታወሻ የተሻለ ምንጭ አታገኙም።

2. ስምና አነጋገር

ስሙ አጭር ይሁን። አንድ ወይም ሁለት ቃል፣ በትልቁ ሲጻፍ ሽፋኑን ከዳር እስከ ዳር የሚሞላ፣ ልጅ ለጓደኛው ጮክ ብሎ ሲጠራው የማያፍርበት። ከመወሰናችሁ በፊት ሌላ መጽሔት እንዳልወሰደው አረጋግጡ።

አነጋገሩ ላይ ግን ረዘም ላለ ጊዜ አስቡ። አዋቂዎች ለወጣት ሲጽፉ የሚሳሳቱት በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ማስተማር ነው። ሁለተኛው፣ የባሰውም፣ የልጆቹን የአራዳ ቋንቋ መኮረጅ ነው። ያ ቋንቋ በፍጥነት ያልፋል፤ እናንተ አትማችሁ እስክታወጡት ልጆቹ ትተውታል። የተሻለው መንገድ መጽሔቱ የራሱ ጨዋታ እንዲኖረው ማድረግ ነው። የራሱ ቅጽል ስሞች፣ በየዕትሙ የሚመላለሱ የራሱ ቀልዶች፣ አንባቢው ብቻ የሚያውቃቸው ምልክቶች። አንድ ምሳሌ ልስጥ። የእንግሊዞቹን የሴቶች የፖፕ ቡድን፣ ስፓይስ ገርልስን፣ ዓለም የሚያውቃቸው «ፖሽ»፣ «ቤቢ»፣ «ስኬሪ»፣ «ስፖርቲ»፣ «ጂንጀር» በሚሉ ስሞች ነው። ስሞቹን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 የቶፕ ኦቭ ዘ ፖፕስ መጽሔት ነው። አንድ መጽሔት ያወጣው ቅጽል ስም የቡድኑ መታወቂያ ሆኖ ቀረ።

እንዲህ ያለ አነጋገር የሚመጣው ፖፕን ከልቡ ከሚወድ ጸሐፊ ነው። ኒል ቴናንት የእንግሊዙ ፖፕ ባንድ የፔት ሾፕ ቦይስ ድምፃዊ ሆኖ ከመታወቁ በፊት ስማሽ ሂትስ ውስጥ ይሠራ ነበር። ፖፕን የሚንቅ ሰው ለፖፕ መጽሔት እንዲጽፍ አታድርጉ። ልጆች ንቀትን ከሩቅ ያሸቱታል።

3. የገጾቹን ካርታ ሳሉ

ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ሁሉንም ገጾች እንደ ትንንሽ ሳጥን ሳሉ። መሀሉ ላይ በሽቦ የሚሰፋ መጽሔት የገጽ ብዛቱ ለ4 መካፈል አለበት። 24፣ 28፣ 32 ይሆናል፤ 30 አይሆንም። ለመጀመሪያ ዕትም 32 ገጽ በቂ ነው።

ከመሀሉ ጀምሩ። በ32 ገጽ መጽሔት መሀሉ 16ኛውና 17ኛው ገጽ ነው። ይህ አንድ ወጥ ወረቀት ስለሆነ ሽቦውን ከፍቶ ሌላውን ሳይቀድዱ ማውጣት ይቻላል። ለፖስተር የተፈጠረ ቦታ ነው። ነገር ግን የዚያው ወረቀት ጀርባ 15ኛውና 18ኛው ገጽ ነው። ፖስተሩ ሲወጣ እነሱም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ እዚያ ትልቁን ቃለ ምልልስ አታስቀምጡ። ሌላ ፖስተር ወይም ማስታወቂያ አስቀምጡበት። ማስታወቂያ ከሆነ አስተዋዋቂው ቦታውን አውቆ ይግዛ። ሁለቱ ፖስተሮች የተለያዩ ዝነኞች ከሆኑ ግን አንዱን መምረጥ ለልጁ ከባድ ነው፤ የሁለቱም ደጋፊ ከሆነ መጽሔቱን ሁለት ጊዜ ሊገዛ ይችላል ብላችሁ አታስቡ፣ ይናደዳል። ጀርባው ላይ ትንንሽ የሚቆረጡ ነገሮችም አታድርጉ፤ እነሱን ሲቆርጥ ፖስተሩ ይበሳል።

ቀሪውን ስትደለድሉ አጫጭሩንና ረጅሙን አፈራርቁ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ፈጣን ይሁኑ፦ ትንንሽ ዜናዎች፣ ፎቶዎች፣ የአንባቢ መልእክት። ረጅሙ ቃለ ምልልስ ከመሀሉ በፊት ይምጣ። ከመሀሉ በኋላ ጨዋታ፣ የዘፈን ግምገማ፣ ሙዚቃ መሥራት ለሚፈልጉ የሚሆን ገጽ። የመጨረሻው የውስጥ ገጽ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ብዙ ልጅ ግን መጽሔትን ከኋላ ወደ ፊት ይገልጣል፤ እዚያ ጠንካራ ነገር አስቀምጡ።

4. ሽፋኑ

ከሁሉ የበለጠ ጊዜ እዚህ ላይ ይጥፋ።

አንድ ፊት ይበቃል። ቡድን ከሆነ ቡድኑ፤ ግን በመጠጋጋት እንጂ በመደርደር አይደለም። ዓይኖቹ ወደ አንባቢው ይዩ። ወደ ሩቅ የሚያይ ዘፋኝ ለአልበም ሽፋን ያምራል። መጽሔት ላይ ግን ልጁ የሚፈልገው «እኔን አየኝ» የሚል ስሜት ነው። ፎቶግራፍ አንሺውን አስቀድማችሁ ከጭንቅላቱ በላይና ከጎኑ ባዶ ቦታ እንዲተው ንገሩት። ፎቶው ተጠግቶ ከተነሳ ለስሙና ለርዕሶቹ ቦታ ታጣላችሁ፤ ያኔ ጽሑፉ ፊት ላይ ይወጣል።

የመጽሔቱ ስም ከላይ ይሁን። መደርደሪያ ላይ መጽሔቶች ሲደራረቡ ብዙ ጊዜ የሚታየው የግራ ጠርዛቸው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከላይ በግራ በኩል ያለው ቦታ ውድ ነው። የስሙ መጀመሪያና ዋናው ርዕስ እዚያ ይታዩ። የዘፋኙ ጭንቅላት ስሙን በትንሹ ቢሸፍነው ያምራል፤ ጥልቀት ይሰጣል። አዲስ መጽሔት ከሆነ ግን አንድም ፊደል እንዳይጠፋ። ስሙን ገና ማንም አያውቀውም።

ዋናው ርዕስ አንድ ይሁን። በመጠኑ ከሌሎቹ በግልጽ ይብለጥ። ዙሪያውን ሦስት ወይም አራት አጫጭር ርዕሶች ጨምሩ። ከዚያ በላይ ሲሆን ዓይን የት እንደሚያርፍ ያጣል። ርዕሶቹን ስትጽፉ ያቺን «አንባቢው ምን ያደርግበታል?» የምትል ጥያቄ አስታውሱ። «ስለ አዲሱ አልበም» የሚለው ምንም አያስደርግም። «መድረክ ከመውጣቴ በፊት እጄ ይንቀጠቀጣል» የሚል፣ ዘፋኙ በእርግጥ የተናገረው ቃል፣ ልጁን ያስገልጠዋል። «ግዙፍ ፖስተር ከውስጥ» የሚለውም ቀላል ቢመስልም ይሠራል፤ የሚያገኘውን ነገር ይነግረዋልና። አንድ ሕግ ግን አትጣሱ፦ ሽፋኑ ላይ የተባለው ውስጥ ይገኝ። በማጋነን አንድ ዕትም ይሸጣል፤ ሁለተኛው ግን አይነሳም።

አንድ ክብ ወይም ኮከብ ምልክት ውስጥ «ነፃ ስቲከር» ወይም «አሸንፉ» ብሎ መጻፍ የቆየ ዘዴ ነው። አንድ ብቻ ይሁን፤ ሁለት ሲሆን የቅናሽ ማስታወቂያ ይመስላል።

ባርኮዱን በመጨረሻ አትለጥፉት፤ ከመጀመሪያው ቦታ ስጡት። ለመጽሔት የሚሆነው ከአይኤስኤስኤን፣ ማለትም ከመጽሔቱ ባለስምንት አኃዝ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር፣ የሚወጣና በ977 የሚጀምር ባለ13 አኃዝ ባርኮድ ነው። መደበኛ መጠኑ ወደ 37 በ26 ሚሊ ሜትር ነው፤ እስከ 80 በመቶ ማሳነስ ይቻላል። ነጭ መደብ ላይ በጥቁር ይሁን። ቀይ መስመር ያለው ባርኮድ አይነበብም፤ የብዙ ማንበቢያዎች ብርሃን ቀይ ስለሆነ መስመሮቹን አያያቸውም።

ሽፋኑ አለቀ ስትሉ ሁለት ፈተና ስጡት። አትማችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉና አምስት እርምጃ ራቁ፤ ስሙና ዋናው ርዕስ ይነበባል? ቀጥሎ ስልክ ላይ እንደ ጥፍር አሳንሱት። ዛሬ ብዙ ልጅ ሽፋኑን መጀመሪያ የሚያየው በዚያ መጠን ነው። ፊቱና አንድ ቃል እንኳ ካልታየ እንደገና ጀምሩ።

5. ፊደል

ሁለት የፊደል ዓይነት ይበቃል፤ አንድ ለርዕስ፣ አንድ ለንባብ። የርዕሱ ወፍራም፣ ባሕርይ ያለው ይሁን። የንባቡ ግልጽና የተረጋጋ።

በግዕዝ ፊደል ስንሠራ ልብ የምንላቸው ነገሮች አሉ። በላቲን ያሉ መጽሔቶች ርዕስን በትላልቅ ፊደሎች ብቻ ጽፈው ያስጮኹታል። እኛ ያ መሣሪያ የለንም። ስለዚህ ጉልበቱ የሚመጣው ከውፍረት፣ ከመጠንና ከቀለም ነው። የርዕሱ መጠን ከንባቡ በትንሹ ሳይሆን በብዙ እጥፍ ይብለጥ። ሌላው፣ የአማርኛ ቃል ረጅም ነው፤ በጠባብ ዓምድ ውስጥ ግራና ቀኙን እኩል ካደረጋችሁት በቃላት መካከል ሰፋፊ ቀዳዳ ይከፈታል። ከግራ አስተካክላችሁ ቀኙን ልቀቁት። ንባቡ ከ9.5 እስከ 10.5 ነጥብ፣ የመስመር ርቀቱ ከ14 እስከ 15 ነጥብ ቢሆን ጥሩ ነው። የግዕዝ ፊደል ቁመቱ የተቀራረበ ስለሆነ መስመሮች ሲጠጋጉ ገጹ ድፍን ይሆናል። የመረጣችሁት ፎንት ሁሉም ፊደላትና «፣» «፤» «።» እንዳሉት አስቀድማችሁ ፈትሹ። የዲቃላ ፊደላት ጉድለት ብዙ ጊዜ የሚታየው ማተሚያ ቤት ከደረሰ በኋላ ነው።

ለወጣት የሚሠራ ሰው «ይበጥበጥ፣ ይገለባበጥ» የሚል ፈተና ይገጥመዋል። ዲዛይነሩ ዴቪድ ካርሰን ሬይ ገን በተባለው የሙዚቃ መጽሔት ይህን እስከ ጥግ ወስዶታል። እ.ኤ.አ. በ1994 ከዘፋኙ ብራያን ፌሪ ጋር የተደረገውን ቃለ ምልልስ አሰልቺ ሆኖ ስላገኘው በምልክቶች ብቻ በተሠራ ፎንት አስቀመጠው፤ ማንም ሊያነበው አልቻለም። የሚነበበው ቅጂ ግን በዚያው ዕትም ኋላ ላይ ታትሟል። ለዲዛይን ታሪክ ትልቅ ነገር ነው። የ13 ዓመት ልጅ ግን የሚወደውን ዘፋኝ ቃል ማንበብ ይፈልጋል። ርዕሱን እንደፈለጋችሁ አስጨፍሩት፤ ንባቡን አትንኩት።

6. ቀለምና ፎቶ

ስክሪን ላይ የሚያበራው ሮዝና አረንጓዴ ወረቀት ላይ ይደበዝዛል። ስክሪን በብርሃን ሦስት ቀለማትን ይቀላቅላል፤ ማተሚያ ቤት ግን አራት የኅትመት ቀለሞችን፣ ሳያን (ውሃ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ሮዝማ ቀይ)፣ ቢጫና ጥቁር፣ ይቀላቅላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሲኤምዋይኬ በሚባለው በዚህ የአራት ቀለም አሠራር ሥሩ። የግድ የሚያበራ ቀለም ከፈለጋችሁ ለብቻው የሚታተም ልዩ ቀለም አለ። ወጪ ስለሚጨምር ለሽፋኑ ብቻ ያዙት።

የዕትሙን ቀለም ከሽፋኑ ፎቶ ውሰዱ። ዘፋኟ ቢጫ ጃኬት ከለበሰች ያው ቢጫ ርዕሱ ላይ ይደገም። እንዲህ ሲሆን ገጹ በአንድ እጅ የተሠራ ይመስላል። «ለሴት ልጅ ሮዝ፣ ለወንድ ሰማያዊ» የሚለውን ተዉት። ሙዚቃ እንደዚያ አይከፋፈልም፤ ግማሹን አንባቢ በር ላይ መመለስ ነው።

ፎቶ ላይ ቁጥሩን እወቁ። ለኅትመት 300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ ያስፈልጋል። ሙሉ ኤ4 ገጽ የሚሞላ ፎቶ 2480 በ3508 ፒክስል መሆን አለበት። ከማኅበራዊ ሚዲያ የተገኘ 1080 ፒክስል ስፋት ያለው ፎቶ በጥራት የሚታተመው እስከ 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ሲለጠጥ ይደበዝዛል። ለኤ3 ፖስተር ሙሉ ጥራት 3508 በ4961 ፒክስል ነው፤ ፖስተር ከራቅ ብሎ ስለሚታይ 200 ዲፒአይም ያስኬዳል።

ፖስተሩ ላይ ፊቱ መሀል ለመሀል አይሁን። እጥፋቱና ሽቦው እዚያ ያልፋሉ። ሽቦ አፍንጫው ላይ የተተከለበት ዘፋኝ ማንም ግድግዳው ላይ አይፈልግም። ጽሑፍም አታብዙበት። ስሙ ብቻ በትንሹ፣ ጥግ ላይ።

7. ቃለ ምልልሱን እንዴት እናስቀምጠው?

ሁለት ገጽ ፊት ለፊት አድርጉ። አንዱን ገጽ ሙሉ በሙሉ ለፎቶ ስጡት። ሌላኛው ላይ ትልቅ ርዕስ፣ ከሥሩ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር መግቢያ፣ ከዚያ ጥያቄና መልስ። ጥያቄው በቀለም ወይም በወፍራም ፊደል ይለይ። ልጆች ከላይ ወደ ታች አያነቡም፤ ጥያቄዎቹን እየዘለሉ የወደዱትን መልስ ይመርጣሉ። ዲዛይኑ ይህን ይፍቀድላቸው።

ኤ4 ገጽ ላይ ሁለት ሰፊ ዓምድ ለቃለ ምልልስ፣ ሦስት ዓምድ ለአጫጭር ዜና ይመቻል። በዓምዶች መካከል 5 ሚሊ ሜትር ተዉ። መልሱ ሲረዝም አንድ ጠንካራ ቃል አውጥታችሁ በትልቁ አስቀምጡት። ያ ቃል ዘፋኙ ያለው ቃል በቃል ይሁን። ለማሳመር አንድ ቃል መቀየር እንኳ እምነት ያጎድላል፤ ደጋፊዎች ደግሞ ሁሉን ያስታውሳሉ።

ጥያቄዎቹ ላይ ዲዛይነሩም ድምፅ ይኑረው። «አልበሙን ስለመሥራት ንገሪን» የሚለው ጥያቄ ሁሉም ቦታ ተጠይቋል። «የመጀመሪያ ዘፈንሽን የጻፍሽበት ደብተር አሁን የት ነው?» ብትሏት ደብተሩን ፎቶ ልታነሱት ትችላላችሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ ብቻ ሳይሆን ምስልም ያመጣል። ከቃለ ምልልሱ በፊት ጸሐፊውና ዲዛይነሩ አንድ ላይ ቁጭ ብለው ያስቡ። ብዙ መጽሔት የሚደክመው ጽሑፉ ካለቀ በኋላ «አሳምርልኝ» ተብሎ ሲሰጥ ነው።

8. ሥራ ያላቸው ገጾች

ለኔ የመጽሔቱ ልብ እዚህ ነው።

የዘፈን ግጥም ገጽ፦ ግጥሙን በደንብ በተዘረጋ መስመር አስቀምጡት፤ ዳርና ዳሩ ላይ ለማስታወሻ ባዶ ቦታ ተዉ። ግጥም ግን የባለመብቱ ንብረት ነው። ያለ ፈቃድ አንድ ሙሉ ዘፈን ማተም አይቻልም። ፈቃድ ማግኘት ከከበዳችሁ ዘፋኙን ራሱን አንድ መስመር በእጅ ጽሑፉ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁት። እንዲያውም ይበልጣል፤ የእጅ ጽሑፍ ስልክ ላይ እንደልብ አይገኝም።

የደረጃ ሰንጠረዥ፦ የሙዚቃ ጋዜጣው ኤንኤምኢ ኅዳር 1952 እ.ኤ.አ. ላይ የመጀመሪያውን የእንግሊዝ የነጠላ ዜማዎች ደረጃ ያወጣው ለሙዚቃ ቤቶች ስልክ በመደወል ነበር። እናንተም የራሳችሁን አውጡ፤ በአንባቢዎች ድምፅ። በግራ በኩል የመጽሔቱ 10 ዘፈኖች፣ በቀኝ በኩል ባዶ 10 መስመር፣ «ያንተ/ያንቺስ?» ተብሎ። ባዶው መስመር ክርክር ያመጣል፤ ክርክሩ ደግሞ መጽሔቱን ከልጅ ወደ ልጅ ያዞረዋል።

የሚሰበሰብ ነገር፦ የኬፖፕ አልበሞች ውስጥ የሚገኙትን ትንንሽ የፎቶ ካርዶች አስቡ። ደጋፊዎች ይሰበስቧቸዋል፣ ይለዋወጧቸዋል፣ ማስቀመጫ ይገዙላቸዋል። በየዕትሙ በወፍራም ወረቀት አራት ካርድ ብትሰጡ፣ ቁጥር ብታደርጉባቸው፣ ልጁ ቀጣዩን ዕትም የሚጠብቅበት ምክንያት ያገኛል። የብራቮ ቁርጥራጭ ምስልም የሠራው በዚሁ ነው። የካርዱ መጠን በሁሉም ዕትም አንድ ይሁን።

መሥሪያ ገጽ፦ ቀላል የጊታር ወይም የኪቦርድ ኮርድ፣ ድምፅን ማሟሟቂያ፣ በስልክ ድምፅ የመቅዳት ዘዴ። ለትልልቆቹ ይህ ከሁሉም ይበልጥባቸዋል። ዘፋኝን ከማድነቅ ወደ መዝፈን የሚሻገሩበት ዕድሜ ነው።

ፈተናና ጨዋታ፦ «የትኛው የባንድ አባል ነህ?» ዓይነት በቀስት የሚሄድ ጥያቄ። ቀስቶቹን አታወሳስቡ፤ በጣት ተከትላችሁ ራሳችሁ ሞክሩት። ማንም የሚያፍርበት መልስ አይኑር።

ለመጻፊያ የታሰቡት ገጾች ሁሉ አንጸባራቂ ባልሆነ ወረቀት ላይ ይሁኑ። አንጸባራቂ ወረቀት ላይ ስክሪብቶ ይንሸራተታል፣ እርሳስም አይይዝም።

9. ስልኩን አትጣሉት

ኪውአር ኮድ አስገቡ፤ ግን ምክንያት ይኑረው። የቃለ ምልልሱን ሁለት ደቂቃ ድምፅ፣ የዕትሙን የዘፈን ዝርዝር፣ የድምፅ መስጫውን ያገናኝ። ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች አታድርጉት፤ ዙሪያው ነጭ ይተው። አንድ ዕትም ውስጥ ሦስት ይበቃል።

10. ፈቃድና ጥንቃቄ

አንባቢዎቻችሁ ልጆች ናቸው። ይህ ክፍል አጭር ቢሆንም አይታለፍ። የአንባቢ መልእክት ስታትሙ የመጀመሪያ ስምና ዕድሜ ይበቃል፤ አድራሻ፣ ትምህርት ቤትና ስልክ አይውጣ። የልጅ ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ አይታተም። ማስታወቂያ ማስታወቂያ መሆኑ ይጻፍበት፤ ልጅ ምክርና ማስታወቂያን ገጹን አይቶ መለየት መቻል አለበት። የዘፋኞችን ቆዳና ወገብ በኮምፒውተር አታስተካክሉ። ያቺን ፎቶ ግድግዳዋ ላይ ለጥፋ በየቀኑ የምታይ ልጅ ራሷን ከእሷ ጋር ታወዳድራለች። ፎቶዎቹም ከአንሺዎቻቸው በጽሑፍ የተፈቀዱ ይሁኑ።

11. ሙከራ

ሁሉንም ገጽ በተራ ማተሚያ አትማችሁ፣ አጥፋችሁ፣ መሀሉን ሰፍታችሁ እውነተኛ ቅጂ የሚመስል ነገር ሥሩ። ከዚያ ለልጆቹ ስጧቸውና ዝም በሉ። አታስረዱ። መጀመሪያ የት ከፈቱ? የቱ ገጽ ላይ ቆዩ? የቱን ለጓደኛ አሳዩ? የቱን ሳያዩ አለፉ? መቀስና ስክሪብቶ አጠገባቸው አስቀምጡና ምን እንደሚያደርጉ ተመልከቱ። ሳያዩ ያለፉትን ገጽ ብትወዱትም አውጡት ወይም እንደገና ሥሩት።

12. ወደ ማተሚያ ቤት

ለገጽ ቅንብር አዶቤ ኢንዲዛይን የተለመደ ነው። አፊኒቲም ይሠራል። ስክራይበስ ደግሞ በነፃ የሚገኝ ነው፤ የግዕዝ ፎንቱ በትክክል መታየቱን ግን መጀመሪያ በአንድ ገጽ ሞክሩ። ፋይሉን ኤ4፣ ማለትም 210 በ297 ሚሊ ሜትር አድርጉና በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ጨምሩ። ጠርዝ የሚነካ ፎቶ ሁሉ እስከዚያ ትርፍ ይድረስ። ካልሆነ ወረቀቱ ሲቆረጥ ነጭ ክር ይቀራል። ጽሑፍ ደግሞ ከመቁረጫው ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይግባ። የንባብ ጽሑፍ ጥቁር ብቻ ይሁን፤ በአራት ቀለም የተሠራ ጥቁር ትንሽ ፊደልን ያደበዝዛል። ፋይሉን ለኅትመት በተዘጋጀው የፒዲኤፍ ዓይነት፣ በፒዲኤፍ ኤክስ፣ አውጡት፤ የተለያዩ ዓይነቶች ስላሉት የትኛውን እንደሚፈልጉ ማተሚያ ቤቱን ጠይቁ።

ሙሉው ኅትመት ከመጀመሩ በፊት የቀለም ናሙና ጠይቁ። በቀን ብርሃን እዩት። የሽፋኑን ፊት ቀለም ከዋናው ፎቶ ጋር አመሳክሩ፤ በተለይ ጥቁርና ጠይም ቆዳ ጠቁሮ ዝርዝሩ እንዳይጠፋ። ስሞችን ሁሉ አንድ ያልሠራበት ሰው ያንብብ። የዘፋኝ ስም ተሳስቶ ከታተመ ደጋፊዎቹ ይቅር አይሉም፤ ልክም ናቸው።

ዕትሙ ከወጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከአንባቢዎች ጥቂት ያገለገሉ ቅጂዎች ለምናችሁ ተዋሱ። የተቀደዱትን፣ የተሞሉትንና ንጹሕ የቀሩትን ገጾች በካርታችሁ ላይ ምልክት አድርጉ። ቀጣዩን ዕትም ስትደለድሉ ከዚያ ካርታ ተነሱ።